የኮሌጁ የመጀመሪያ እንጀራ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነው የምናወራው። ጉዳያችን ኮሌጅ ነው፤ ዲያቆን፣ ካህን፣ ሰባኪ፣ መምህር የሚያወጣ የክርስትና ማሰልጠኛ። በአንድ የሰሜን ሸዋ ደብር አጥር ጥግ፣ በአንድ መምህርና በጥቂት ልጆች ሲጀመር ምን ይመስላል? ከምን ይጀመራል? ብዙዎቹስ ሁለተኛውን መስከረም ሳያዩ ለምን ይበተናሉ?

የተቋም ታሪክ ሲነገር ሰምታችኋል። «በአንዲት ጎጆ፣ በሰባት ተማሪ ተጀመረ» ይባልና ወዲያው ወደ ባለ አራት ፎቁ ይታለፋል። ጎጆዋ ለጌጥ ተጠቅሳ ታበቃለች። እኔን የሚቆጠቁጠኝ የተዘለለው ነው። እነዚያ ሰባት ልጆች ያን ዕለት ማታ ምን በሉ? ዱቄቱ ከማን ቤት መጣ? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ አልወደውም፤ የታቀፈችው ዶሮ ከራባት እንቁላሉን ጥላ ትነሣለች። ኮሌጁ ምን እንደሚያስተምር፣ ማንን እንደሚፈራ፣ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው የመጀመሪያው ዓመት እንጀራ የገባበት በር ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ይህንን በታሪክም በኪሎም እንየው።

ከቅርባችን እንነሣ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት እዚሁ ቡልጋ ውስጥ፣ ኢቲሳ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በደብረ አስቦ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ተቀመጡ። ያን ስፍራ ደብረ ሊባኖስ ያሰኘው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ የደብረ ብርሃን ቆርቋሪም እሱ ነው። በዋሻና በጸሎት የተጀመረው ገዳም ከነገሥታት መሬት እያገኘ ሄደ፤ መሬቱ እህል ሰጠ፤ እህሉ መነኩሴም ተማሪም አኖረ። መሬት በጣም የሚታመን እንጀራ ነው፤ ሰጪው እስካልነሣው ድረስ።

አሁን ደግሞ ወደ አንኮበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጡ። ሁለቱም በስዊዘርላንድ ከተማ በባዝል የሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ያ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1816 ሲከፈት ሰባት ተማሪዎች ነበሩት። ኢዘንበርግ እዚያው ዓመት ላይ ተመለሰ፤ ክራፕፍ እስከ 1842 ቆየ። መጽሐፍ አደሉ፣ ጥቂት ልጆችን አስተማሩ፤ ኮሌጅ ግን አልሆነም። ንጉሡ የፈለገው ጠመንጃ፣ መድኃኒትና የእጅ ሙያ ነበር፤ እነሱ የያዙት መጽሐፍ ነው። ቀለባቸው በንጉሡ ፈቃድ ላይ ስለተንጠለጠለ ፈቃዱ ሲዞር የሚደገፉበት ነገር አልነበራቸውም። ከዚያ ዘመን የቀረልን የኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ነው። እሱም ቀላል አይደለም።

በዚያው በባዝል አጠገብ ሌላ ጅማሬ አለ፤ ለኔ ከሁሉም ይልቅ አስተማሪው እሱ ነው። ሽፒትለር የሚባል ሰው፣ የባዝልን ሚስዮን ካቆሙት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ በቆመች ቅድስት ክሪሾና በምትባል የፈረሰች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማሰልጠኛ ከፈተ። የሰበሰበው የእጅ ባለሙያዎችን ነው። መምህሩም ተማሪውም እየሠራ እንዲበላ፣ ወጥቶም በሙያው ራሱን እየቻለ እንዲሰብክ ታሰበ። ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ 12 ማረፊያ ያለው «የሐዋርያት መንገድ» ለመዘርጋትም አቅደው ነበር። ከዚያ ቤት የወጡት እነ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ቫልድማየር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚህ ደረሱ። የተማሩበት እንጀራ የእጅ ሥራ ስለነበር ንጉሡም በእጃቸው ፈለጋቸው። መጨረሻቸውን ታውቁታላችሁ፤ ወንጌል ይዘው የመጡት ሰዎች ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያቀልጡ ተገኙ። ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ከመካከላቸው ማየር በኋላ በምኒልክ ዘመን ወደ ሸዋ መጥቶ ባሊ በሚባል ስፍራ ሠርቷል። እስቲ አስቡት፤ መድፉ የተፀነሰው የኮሌጁ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

የራሳችንን ዘመናዊ ጅማሬ ስናይ ደግሞ ከመከራ በኋላ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ወታደሮች የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ላጋ ወልዴ ላይ ረሸኑ፤ ግራዚያኒ ራሱ የመዘገበው 297 መነኮሳት ነው። በኋላ የተደረገ ጥናት ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ከቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት ወደዚህ መጥተው እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ ተገደሉ። ዲያቆን ማለት አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ ማለት ነው። አንድ ትውልድ የሚያህል ትምህርት በአንድ ሳምንት ነው የጠፋው። ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. የቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ለካህናት ማሰልጠኛነት ተጀመረ፤ በ1953 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆነ። ያደገው በቤተ መንግሥቱ ጥላ ሥር ነው፤ ዘውዱ ሲወድቅ ጥላውም ሄደ፤ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

በገጠሩ ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ብዙ ሰው አዋጁን የሚያስታውሰው በጭሰኛው በኩል ነው፤ ለጭሰኛው በእርግጥም ትልቅ ቀን ነበር። የአብነት ትምህርት ቤቱ ግን የሚተዳደረው መምህሩ በያዘው የሰሞን መሬት፣ ማለት በቤተ ክርስቲያን መሬት፣ ነበርና በአንድ አዋጅ ጎተራው ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተረፈው ቀፈፋ ነው፤ ልጁ አኩፋዳውን፣ የቁራሽ መያዣውን፣ አንጠልጥሎ፣ ለውሻው በትር ይዞ፣ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት። እንግዲህ ሦስት በር አየን፤ ደጋፊ፣ መንደር፣ የራስ እጅ። ሦስቱም ይመግባሉ፤ ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ።

እሺ፤ አሁን ወደ ኪሎው። 30 ተማሪ እንበል። ቁጥሩን ያለ ምክንያት አልመረጥኩም፤ ወደ መምህሩ ስንመጣ ታዩታላችሁ። ለአንድ ወጣት በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ያዙለት። ለችግር ጊዜ የሚሰፈረው ራሽን 400 ግራም አካባቢ ነው፤ እነዚህ ግን ሌሊት የሚቆሙ፣ ቀን የሚሠሩ፣ በብርድ የሚያድሩ ልጆች ናቸው። ለ30 ሰው በቀን 15 ኪሎ፣ በወር 4 ኩንታል ተኩል፣ በዓመት ወደ 55 ኩንታል ይመጣል። ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ 55 ኩንታል ዱቄት እንጂ 55 ኩንታል ገብስ አይደለም። ገብስ ሲፈተግና ሲነፋ ከኩንታሉ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ይወጣበታል። ግማሹ ገብስ፣ ግማሹ ስንዴ ከሆነ 60 ኩንታል ብላችሁ ያዙ። ከዚህ ሌላ ለሽሮና ለክክ በሰው 60 ግራም ጥራጥሬ ጨምሩ፤ ባቄላ፣ አተር፣ ጓያ ያልገባበት። በዓመት 6 ኩንታል ተኩል ይሆናል። «በፍስክ ወተትና እንቁላል ይተካዋል» የሚል ካለ የጾሙን ቀን ቁጠሩለት፤ ለምእመኑ ከ180 ቀን በላይ ነው፤ ለካህኑ ከዚያም ይበዛል። ጥራጥሬውን የሚቀንስ ኮሌጅ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ እንቅልፋም ተማሪ ያገኛል፤ ከዚያ «ሰነፍ» ተብለው ይገሠጻሉ።

ጓያን በስሙ የጠራሁት ሆን ብዬ ነው። ርካሽ ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ ለጋሹም በቅን ልብ ያመጣዋል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ በተለይ ወጣት ወንዶችን፤ ሽባነቱም አይመለስም። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ቢበላ ሌላ ነገር ነው። የሠላሳ ልጅ ቋሚ ቀለብ ግን አይደለም።

60 ኩንታል ከየት? በእርሻ ይሁን ካላችሁ ጥሩ ዓመት ላይ በሄክታር 20 ኩንታል ይገኛል ብለን ብናስብ እንኳ 3 ሄክታር ነው። 3 ሄክታር 12 ጥማድ ነው፤ ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። ሦስት አራቴ ይታረሳል፤ ከ36 እስከ 48 ቀን የአንድ ጥንድ በሬ ሥራ ማለት ነው። አረሙና አጨዳው፣ ውቂያውና ማመላለሱ አልተቆጠረም። ሰኔ ዘር፣ ነሐሴ አረም፣ ኅዳር አጨዳ፤ ሦስቱም በትምህርቱ መሃል ይገባሉ። ልጁ ቅኔ ቆጠራ ላይ ይሁን አጨዳ ላይ በሚለው ጥያቄ አጨዳው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ውርጭ አይጠብቅም። የክሪሾና ሰዎች የገቡበት ወጥመድ ይኸው ነው፤ እጅህ ሲያበላህ እጅህ ያስተምርሃል።

በቀፈፋ ይሁን ካላችሁ ደግሞ እንቁጠር። መንደሩ 60 ቤት ነው እንበል። እያንዳንዱ ተማሪ በቀን 10 ደጅ ቢቆም 300 ጊዜ ውሻ ይጮሃል፤ በእያንዳንዱ ቤት በቀን አምስት ተማሪ ይቆማል። የመንዝ እናት ደግ ናት፤ አምስተኛው ላይ ግን ማንም ቢሆን በሩን ይዘጋል። አንድ ቤት በሁለት ቀን አንዴ ብቻ ይጎብኝ ካላችሁ በቀን 30 ደጅ ነው ያላችሁ፤ ለአንድ ልጅ አንድ ደጅ። ድሮ ተማሪው ሁለትና ሦስት ደብር አቋርጦ የሚሄደው፣ ጉባኤ ቤቶችም ተራርቀው የሚተከሉት በዚህ ሒሳብ ነው። በመንደሩ ላይ 30 ልጅ ባንድ ጊዜ የሚያፈስስ ሰው ቀፈፋን የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው። ቀፈፋ ልጁን ትሕትናና አገር ያስተምረዋል፤ ይህን አልክድም። ሰዓቱንም ይበላል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ሲሆንና የገበሬው ጎተራ ሲራቆት ደግሞ ኮቾሮ እንኳ አይገኝም፤ ኮቾሮ የደረቀ ቁራሽ እንጀራ ማለት ነው፣ ከተማ ላደጋችሁት።

በደጋፊ ይሁን ካላችሁ ብሩ ቶሎ ይመጣል፤ ችግሩ ደጋፊው ሕንፃ ይወዳል። ሕንፃ ፎቶ ይነሣል፤ ክክ አይነሣም። ስለዚህ ቆርቆሮው ክዳን ይወጣና በጥር ዱቄት ያልቃል። እኔ ብጠየቅ ከሦስቱ በር አንዱም ከግማሹ በላይ እንዳይሸከም አደርጋለሁ፤ 20 ኩንታል ከአንድ ሄክታር እርሻ፣ 20 ኩንታል ከሰበካው ገበሬዎች በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማ ላይ በቃል ኪዳን፣ 20 ኩንታል በደጋፊ ገንዘብ ከገበያ። የአውድማው መዋጮ ከየቤቱ 33 ኪሎ ነው፤ በየቀኑ ደጅ ከመጥናት ለገበሬው ይቀላል፤ አውድማ ላይ እጅ ይፈታል። በሐምሌ ጠይቁትና ግን ምን እንደሚላችሁ ታያላችሁ። ግዢውም ቢሆን በጥር ነው፤ ሰኔ ላይ የሚገዛ ሰው የነጋዴውን ክረምት ይከፍላል።

እህሉን ስታስቀምጡ ደጋ ላይ ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው፤ ነቀዝ እንደ ቆላው አይፈጥንም። ጆንያውን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ እንጨት ላይ ደርድሩት፤ ከግድግዳው በክንድ አርቁት። የወሩን ሁሉ ባንዴ አታስፈጩ፤ በ15 ቀን፣ 2 ኩንታል ከሩብ ይበቃል። የጎተራው ቁልፍ ሁለት ይሁን፤ አንዱ መጋቢው ዘንድ፣ አንዱ ተማሪዎቹ የመረጡት ልጅ ዘንድ። በየኔታ እጅ ቁልፍ አይግባ። የኔታ የሚሰጠው ቀለም ነው፤ እህል የሚሰፍር መምህር ጠዋት የገሠጸውን ልጅ ማታ ሲሰፍርለት እጁ ይታያል፤ ባይሆን እንኳ ሆነ ይባላል።

ውሃ። በሰው በቀን 15 ሊትር ዝቅተኛው ነው። ለ30 ሰው 450 ሊትር፤ 20 ሊትር በሚይዘው ጀሪካን ከ22 በላይ ሸክም። ምንጩ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ከሆነ በየቀኑ 11 የተማሪ ሰዓት በጀሪካን ላይ ይፈስሳል። የቆርቆሮ ክዳን ካላችሁ 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በሚዘንበው 900 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 57 ሺህ ሊትር ይሰበስባል። ደስ አይበላችሁ፤ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚወርደው፤ የሚተርፋችሁ ማጠራቀሚያችሁ የሚይዘውን ያህል ብቻ ነው። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ጋን በ450 ሊትር ፍጆታ 22 ቀን ይሄዳል። ለመጠጥና ለወጥ ብቻ፣ በሰው 5 ሊትር ቢመደብ ግን 66 ቀን። እኔ ይህን ጋን ለኅዳርና ለታኅሣሥ ቆልፌ አስቀምጠው ነበር፤ አጨዳ ላይ ውሃ ቀጂ እጅ አይገኝምና።

ማደሪያውን በአጭሩ። ወለሉ 5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጎጆ 20 ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ስምንት ልጅ ያሳድራል፤ ለ30 ልጅ አራት ጎጆ። የድንጋይ ግድግዳው ከ50 ሴንቲ ሜትር አይቅጠን። መሬቱ መረሬ ከሆነ ልብ በሉ፤ ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ አለት ወይም ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ካልወረደ ግድግዳው በሁለተኛው ዓመት ይሰነጠቃል። በዙሪያው ቦይ ውሃውን ወደ ቁልቁል ያውጣው። የሣር ክዳኑ ቁልቁለት 45 ዲግሪ ይጠጋ፤ ከዚያ ከተኛ ውሃ ይቆምበትና ይበሰብሳል። ኩራዝ በሣር ጎጆ ውስጥ ይቅር። በአንድ እንቅልፋም ልጅ ክርን አራት ጎጆ ከነድጓው፣ ማለት ከነዜማ መጽሐፉ፣ ነድዷል የሚባለው ነገር ለመሆን በጣም ቀላል ነው። ትንሽ የፀሐይ መብራት ለየጎጆው ይበቃል። መጸዳጃው ቢያንስ ሁለት ቀዳዳ፣ 3 ሜትር ጥልቀት፣ ከጉድጓድ ውሃ ከ30 ሜትር ያላነሰ ርቀት።

ስለ ቅማል ግን በአጭሩ አላልፍም። ይህን የሚያህል ተማሪ ቤት የበተነ ነገር የለም፤ ነውር ስለሚመስል ግን ማንም በፕሮጀክቱ ወረቀት ላይ አይጽፈውም። ልጆቹ ይበርዳቸዋል፤ ደበሎና ባና ተጋርተው፣ ተጠጋግተው ይተኛሉ። የልብስ ቅማል ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፤ ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን የሚያመላልሰው እሱ ነው። ምልክቱ ይታወቃል፤ ኃይለኛ ትኩሳት ለቀናት ይይዝና ይለቃል፣ «ዳነ» ይባላል፣ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ሁለት ሦስት ጎጆ ተይዟል። ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ አለ፤ ልጁ የመጀመሪያው ትኩሳት ላይ ካልሄደ ግን ኮሌጁ በአንድ ወር ይፈታል፤ ወላጆች መጥተው ልጆቻቸውን ይወስዳሉ።

መከላከያው ብር ብዙ አይጠይቅም። የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ገላ የሚመጣው ሲበላ ብቻ ነው። ከሰው ገላ ከተለየ በሳምንት ውስጥ ይሞታል፤ ቅጫሙ ግን ይቆያል። ስለዚህ ለየተማሪው ሁለት ቅያሪ ልብስ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲለበስ አንዱ ይቀቀላል። በትልቅ በርሜል ውሃ አፍልቶ ልብሱን መቀቀል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይሆን አርብ፤ ቅዳሜ የማኅሌት ዝግጅት ይውጠዋል። የማይቀቀለውን ደበሎና ባና በጆንያ አስሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት፤ ለዚህም በየጎጆው ሁለት ትርፍ ባና ይኑር። ልብሱን በጠራራ ፀሐይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ ደጋ ላይ ፀሐዩ ያታልላል። ሰውነት መታጠብ ደግ ነው፤ ያልተቀቀለ ልብስ መልሶ ከለበሰ ግን ልጁ ውሃ አባከነ እንጂ ምንም አላደረገም። በዚሁ አጋጣሚ ፊት ጠዋት ጠዋት ይታጠብ፤ ዓይን ማዝ የሚደጋገምበት ልጅ ውሎ አድሮ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

አሁን 30ን ለምን እንደመረጥኩ። በአብነት ሥርዓት እያንዳንዱ ልጅ የኔታ ፊት ቀርቦ ቀለሙን ብቻውን ይቀበላል፤ የተቀበለውን ይቀጽላል፣ ማለት እየደጋገመ ያጠናል፣ ያሰማል፣ ይታረማል። ለአንድ ልጅ 10 ደቂቃ ብትሰጡ 30 ልጅ 5 ሰዓት ነው። 40 ልጅ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ መምህሩ ይሰማል እንጂ አያርምም፤ ስሕተቱ በዜማው ውስጥ ይደርቅና በኋላ ለማንም አይለቅም። ድሮም መፍትሔው የበሰለውን ተማሪ አስቀጻይ ማድረግ ነው፤ ቅኔ ቤት ከሆነ አስነጋሪ። ነገር ግን አዲስ ጉባኤ ቤት ውስጥ የበሰለ ተማሪ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሌላ ጉባኤ ሁለት የገፉ ተማሪዎች ለምናችሁ አምጡ፤ በቀለብና በልብስ። ይህን የሚያስቀር ኮሌጅ የኔታን በዓመት ተኩል ያደክማቸዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የትምህርቱ ብዛት ነው። ወረቀቱ ላይ ንባብ፣ ዜማ፣ ቅዳሴ፣ ቅኔ፣ ትርጓሜ፣ ስብከት ዘዴ፣ አስተዳደር፣ አልፎ ተርፎ ግሪክኛ ይጻፋል። የኔታ ግን አንድ ናቸው። ሙያቸው ቅኔ ከሆነ ቅኔ ቤት ክፈቱ፤ ዜማ ከሆነ ዜማ። ቅኔ ቤት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ፣ ነው። ከዚያ ዘአምላኪየ ሦስት፣ እያለ ወደ መወድስ ስምንት ይወጣል። ግሱ ሳይወርድ፣ ልጁ ጉባኤ ቃናውን ሳይቆጥር መወድስ ላይ አይዘልም። ከዚህ በታች ዳዊት ያልደገመ ልጅ ከመጣ ለብቻው ንባብ ይማር፤ 150ው መዝሙር፣ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ። የዳዊት ተማሪና የቅኔ ተማሪ ባንድ ጉባኤ መቀመጣቸው ለሁለቱም ኪሳራ ነው። ዘመናዊውን፣ ማለቴ የሰበካውን ሒሳብ መያዝ፣ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ለሳምንት ሁለት ከሰዓት ብቻ ስጡት፤ ከወረዳው የመንግሥት ሠራተኞች መካከል በበጎ ፈቃድ የሚያስተምር አይጠፋም።

የኔታን ስለ ማቆየት ደግሞ አንድ ነገር። ጥሩ መምህር ሁለት ዓመት ሠርቶ ስሙ ሲሰማ ከአዲስ አበባ ደብር ይጠራል። ደመወዙ አይወዳደርም፤ አትፎካከሩት። የምትሰጡት ከተማው የማይሰጠውን ነው፤ የራሳቸው ቤት ከነጓሮው፣ የዓመት ቀለብ በታኅሣሥ ተሰፍሮ ያለቀ፣ ልጆቻቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት መንገድ፣ በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ውል፣ ከወረዳ ቤተ ክህነቱም ከሀገረ ስብከቱም ማኅተም ያለው። «የኔታ፣ እኛ አለንዎት» ማለት ውል አይደለም። የሰበካው ሊቀ መንበር ሲቀየር ያ ቃል አብሮት ይወርዳል።

ወጪ ሲነሣ ሁሉም የሚረሳው የመጽሐፍ ነው። ድጓ የሚማር ልጅ ድሮ ድጓውን ራሱ በመቃ ብዕር ይጽፍ ነበር፤ ጽሕፈቱ ራሱ ትምህርት ነው። አሁን የታተመው አለ። ቢሆንም ለ30 ልጅ 30 ቅጂ አትግዙ፤ ለሦስት ልጅ አንድ ይበቃል፤ የቀረውን የዜማ ምልክቱን፣ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ርክርኩን ልጁ በደብተሩ ይገልብጥ። የገለበጠውን አይረሳም። ያተረፋችሁት ብር ለሽሮ ይሁን።

እንግዲህ ዓመቱ ያልቃል። ሰኔ ላይ ብዙዎቹ ለእርሻ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ይሂዱ፣ ክረምቱን በጎተራ እንዳትከራከሩ። መስቀል ካለፈ በኋላ ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። ከ30ው ስንቱ ተመለሰ? 22 ከተመለሰ ኮሌጅ አላችሁ። ያልተመለሱትን ስምንቱን አትተዋቸው፤ አንድ ሰው በየመንደራቸው ይላክና በቤታቸው ቁጭ ብሎ ይጠይቅ። አንዱ እናቱ ታማለች ይላል። አንዱ ሸዋ ሮቢት ለቀን ሥራ ወርዷል። አንዱ ትኩሳቱ አልለቀቀውም። አንዱ ደግሞ ዝም ይላል፤ እናቱ ናት የምትመልሰው፦ «ልጄ በጥር ውስጥ ሦስት ቀን ጦሙን አድሯል፤ እኔ ወደዚያ አልሰደውም።» ያንን ይጻፍ፤ በዚያው ወር መጋቢው ፊት ይነበብ።

ሳምንት በሌላ ክፍል እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።